ባሩድ የተባለው የባትሪ ድንጋይ

ይህን የምጽፈው ተረጋግቼ አይደለም። «ጊዜ ሁሉን ያበርዳል» የሚሉ ሰዎች ወይ ያልተቃጠሉ ናቸው፣ ወይ ራሳቸው አቃጣዮቹ ናቸው። እኔ ሾላ ገበያ ውስጥ ዋጋ ስከራከር ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ብዙ ነገር ቀንሼ ሸጫለሁ። ንዴቴን ግን አልቀንስላችሁም። ቁርጥ ነው።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ ነው። ቀይ ሽብር አለቀ ተብሎ ነበር፤ ማለቁን ግን ለፍርሃት የነገረው ሰው አልነበረም። እኔና ከድር ሾላ ውስጥ፣ ወደ መገናኛ በሚወጣው መንገድ ጥግ፣ ሁለታችን እኩል ከቆምን ደንበኛ የማያስገባ ጠባብ ሱቅ ነበረችን። ከድር የስልጤ ልጅ ነው፤ ንግድን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ። እኔ ከመንዝ ነኝ፤ አባቴ ለቅስና ሲያስበኝ እኔ ለገበያ ታጨሁ። የፋኖስ ክር፣ ክብሪት፣ የእጅ ባትሪና ባትሪ ድንጋይ እንሸጥ ነበር። እሱ ጁምዓ መስጊድ ሲሄድ እኔ እጠብቃለሁ፤ እኔ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስስም እሱ ይጠብቃል። ሱቋ በሁለት ሃይማኖት የምትጠበቅ ስለነበረች ሌባ ደፍሯት አያውቅም፤ የደፈራት ጎረቤት ነው።

በዚያን ጊዜ አዲስ ባትሪ ድንጋይ ብርቅ ነበር። በቀበሌ ሱቅ በወረፋ ይመጣል፣ ወረፋው ሳያልቅ ድንጋዩ ያልቃል። ስለዚህ ሰው የደከመውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ ያሰጣል፣ ዙሪያውን በጥርሱ ይነክሳል፣ ትንሽ ብርሃን ሲሰጠው አመስግኖ ይተኛል። ጨርሶ የሞተውን ደግሞ እኛ እንገዛለን። «የሞተ ባትሪ ድንጋይ ምን ሊያደርግላችሁ?» የሚለን ብዙ ነበር። ከድር መልስ ነበረው፦ «በሬም ሲሞት ነው ቆዳው የሚሸጠው።»

እውነቱን ነው። የላዩን ቆርቆሮ በያጆች ይወስዱታል፤ አሲድ ውስጥ አሟሙተው ብየዳው እንዲይዝላቸው ይቀቡበታል። መሃሉ ላይ ያለችውን የከሰል ዘንግ አናጢዎች እንጨት ምልክት ያደርጉባታል። በሁለቱ መካከል ያለው ጥቁር ዱቄት ደግሞ ለመሠረተ ትምህርት ጣቢያዎች ነበር። አገሩ ሁሉ ፊደል ቁጠር በተባለበት ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ከየት ይምጣ? ዱቄቱን በሙጫ ውሃ ለውሰን ጣውላ ላይ እንቀባለን፤ ሲደርቅ ሰሌዳ ነው። የስንቱ ቀበሌ አዛውንት «ሀ» ብሎ የጀመረው በኔና በከድር ባትሪ ድንጋይ ላይ ነው።

አንድ ቀን በኮተቤ መንገድ ካለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ አስተማሪ መጣ። መምህር ኃይሉ ይባላል። ቀጭን፣ ኮቱ ላይ ሁልጊዜ የጠመኔ አቧራ ያለበት ወጣት ነው። ዱቄቱን የፈለገው ለሰሌዳ አልነበረም።

«ቤተ ሙከራችን ባዶ ነው ጋሽ ተካ» አለኝ። «መደርደሪያው ላይ ያለው አቧራ ብቻ ነው። ይሄ እናንተ የምታወጡት ዱቄት ግን ከውጭ ከሚመጣው አይተናነስም።»

«እንዴት ሆኖ?»

«ሁለት ነገር ነው የተዋሃደው። አንዱ ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ነው፤ ማንጋኒዝ የሚባል የብረት ወገን ከኦክስጅን ጋር ተጣብቆ የሆነ። ሌላው ካርቦን፣ ተራ ከሰል። ፋብሪካው ሆን ብሎ አንድ ላይ ፈጭቶ ያዋህዳቸዋል። ሥራውን የሚሠራው ኦክሳይዱ ነው፤ ኤሌክትሪኩን የሚሸከምለት ከሰሉ ነው። ተለያይተው ቢሆን ያን ያህል አይረቡም።»

«እንደኔና እንደ ከድር በለኛ» አልኩት።

«ከሰሉ አንተ ነህ» አለ ከድር ከውስጥ። «መልክህ ይመሰክራል።»

መምህሩ ስቆ ቀጠለ። ፐርኦክሳይድ የሚባል፣ ውሃ የሚመስል፣ ክሊኒክ ቁስል ሲያጥቡበት አረፋ የሚያወጣ ነገር አለ። ዝም ብለው ካስቀመጡት ወራት ይቀመጣል። ከዚህ ዱቄት ቆንጠር አድርገው ሲጨምሩበት ግን ወዲያው ይንተከተካል፣ ኦክስጅን ያወጣል። መንተክተኩ ሲያበቃ ውሃ ብቻ ይቀራል። «ዱቄቱን አጥልለህ ብታደርቀው» አለ መምህሩ ጣቱን ቀስሮ፣ «ያው የነበረው ነው። አልጎደለም፣ አልተለወጠም። ሌላውን አፍልቶ እሱ እንዳለ ይቀራል። ካታሊስት ይባላል።»

«ደላላ ማለት ነዋ!» አልኩት። «ሻጭና ገዢን አጣብቆ እሱ ኮቱን አራግፎ የሚሄድ።»

«ደላላስ ኮሚሽን ይበላል» አለ ከድር። «ይሄስ?»

«ይሄ ምንም አይበላም» አለ መምህሩ።

«እንግዲያው ከደላላ የባሰ ነው። ምንም የማይበላ ሰው ያስፈራኛል።»

በዚሁ ተስማማን። ዱቄቱ ውስጥ እጅ የሚበላ ጨው አለበትና ደጋግመን በውሃ አጥበን፣ ከሱቋ ጀርባ ጆንያ ላይ አስጥተን ማድረቅ ነበረብን። ለሰሌዳ የሚሆነው አይታጠብም፤ ለመምህሩ የሚሆነው ግን ታጥቦ ይሰጣል። ጥቁር ዱቄት በጆንያ ላይ፣ በዚያ ዘመን፣ በአደባባይ። ዛሬ ሳስበው ሱቋ በር ላይ መትረየስ ብንጠምድ ይሻል ነበር።

ጌታነህን ላስተዋውቃችሁ። አጠገባችን ነበር ሱቁ። እኛ የምንሸጠውን ይሸጣል፤ በዚያ ላይ የቀበሌው ኮሚቴ ውስጥ ነበረበት። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማው የለም። ሰው ሲጣላ መሃል ቆሞ «ተዉ ወንድሞቼ» ይላል፤ ከዚያ ወደ አንዱ ጆሮ ጎንበስ ይላል፣ ከዚያ ወደ ሌላው፤ ጠቡ ይብሳል። እሱ ሸሚዙ እንኳ አይጨማደድም። የኛን ጥግ ይፈልጋት ነበር፤ ከመገናኛ የሚወርደው ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው እኛን ነውና። በቃል ጠይቆን ግን አያውቅም። ጌታነህ በቃል የሚጠይቅ ሰው አይደለም።

ነገሩ በደረሰ ቀን ጠዋት ቦሌ ነበርኩ። የቪላዎቹ ዘበኞች ያለቀ ባትሪ ድንጋይ ያጠራቅሙልኛል። ግማሽ ጆንያ ሰብስቤ፣ ትከሻዬ ላይ አድርጌ ሾላ ስደርስ ሱቃችን ታሽጓል። ከሱቁ ጀርባ ዱቄቱም ጆንያውም የለም። በአካባቢው ያለው ነጋዴ ሁሉ ድንገት ዕቃ ቆጣሪ ሆኗል፤ ቀና ብሎ የሚያየኝ ጠፋ።

ከፊት ለፊታችን በርበሬ የምትሸጠው እትዬ ዘነበች ብቻ፣ ራሷን ሳታቀና፣ ተናገረችኝ።

«ቆመህ አትየኝ። በርበሬ የምትገዛ ምሰል።»

ተንበርክኬ በርበሬ አሸተትኩ።

«ባሩድ ስታደርቁ ተገኛችሁ ተባለ» አለችኝ። «ከድርን ወሰዱት። ‹የማን ነው?› ሲሉት ‹የኔ ነው› አላቸው። ያንተን ስም አልጠራም።»

«ከድር? እሱ ስለ ዱቄቱ የሚያውቀው ልብስ እንደሚያቆሽሽ ብቻ ነው!»

«ቀስ በል አንተ! አለ እንጂ ታዲያ ምን ላድርግህ። መቱትም።»

«ጌታነህስ?»

«እሱማ እዚያው ቆሞ ‹ኧረ ቀስ ብላችሁ ያዙት› ይል ነበር።» በርበሬውን በእፍኟ አገላበጠች። «አዛኝ። ከሰዓት በኋላ ከከፍተኛው መኪና መጥቶ ይወስደዋል ሲሉ ሰምቻለሁ። አሁን ሂድ። በርበሬውን አስቀምጥና ሂድ።»

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ቀበሌ ሰው ያስራል፣ ይገርፋል፣ ከዚያ ዋስ አስጠርቶ ይለቃል። የቀበሌ ሊቀመንበር ሰፈርተኛ ነው፤ ሚስቱ ከሚስትህ ጋር ዕቁብ ትጥላለች። ከፍተኛ ግን የቀበሌዎች ሁሉ የበላይ ነው፤ ዕቁብ የለበትም። ወደ ከፍተኛ በመኪና የተወሰደ ሰው ልብሱን ለቤተሰቡ ሲመልሱ ነው ወሬው የሚሰማው። ከድር ሚስትና አራስ ልጅ ነበሩት። መኪናው ከመድረሱ በፊት ካላስፈታሁት አላገኘውም።

ብቻዬን ብገባ አንድ የነበረው እስረኛ ሁለት ይሆናል። ቃሉ የሚከብድ ሰው ያስፈልገኝ ነበር። ጆንያዬን እንደተሸከምኩ ከመገናኛ ታክሲ ይዤ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። መምህር ኃይሉን ከክፍል አስጠራሁት። ጠመኔውን እንደያዘ ወጣ።

«መምህር፣ ያ ዱቄት ሰው ሊበላ ነው» አልኩትና ነገርኩት።

ጠመኔውን በጣቶቹ መሃል እያሽከረከረ ሰማኝ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። ወጣት ነው፤ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። «አይ ጋሽ ተካ፣ እኔን ተወኝ» ቢለኝ አልፈርድበትም ነበር።

«ያጠባችሁት ለኔ ብላችሁ ነው» አለኝ። «እመጣለሁ።»

«ስትመጣ ግን ቃል ብቻ ተናገር። ‹እኔ ነኝ ያዘዝኩት፣ ለተማሪ ነው› በል፣ በቃ። ሌላ ነገር አታሳይ፣ አታብራራ።»

«ገባኝ» አለ። ከዚያ ወደ ቤተ ሙከራው ገብቶ አንድ ጠርሙስ በጋዜጣ ጠቅልሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ሲከት አየሁት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፐርኦክሳይዱ ነው፤ ከሆስፒታል የለመንኩት፣ ያልቀጠነው። ምናልባት ማስረጃ ቢጠይቁ።»

«ማስረጃ የሚጠይቁ ቢሆኑማ ከድር መች ይታሰር ነበር!» ብዬ ተቆጣሁት። ግን ጊዜ አልነበረንም፤ ጆንያዬን እዚያው ጥዬ ወጣን፣ ጠርሙሱም መጣ።

የቀበሌው አዳራሽ ማታ ማታ የመሠረተ ትምህርት ክፍል ነው። ሊቀመንበሩ ከትልቁ ጥቁር ሰሌዳ ሥር ተቀምጧል። ከአብዮቱ በፊት ወፍጮ ቤት የሚሠራ፣ ነገር የሚገባው፣ ክፉ ያልሆነ፣ የሚፈራ ሰው ነበር። የሚፈራ ሰው ከክፉ ሰው የሚለየው ሲጎዳህ ማዘኑ ነው። ጠረጴዛው ላይ ዱቄታችን ከነጆንያው ተዘርግቷል። ከድር ከንፈሩ ተሰንጥቆ ግድግዳ ሥር ቁጢጥ ብሏል። ሲያየኝ ዓይኑ ፈጠጠ።

«ይሄን ሰውዬ አላውቀውም» አለ ማንም ሳይጠይቀው።

«ስንት ዓመት አብራችሁ ስትነግዱ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«ወላሂ ፊቱን አይቼው አላውቅም። ወደ ውጭ ነው የሚያየው።»

አንዱ አብዮት ጠባቂ ሳቀ። ሳቁን ሰምቼ ልቤ ትንሽ ተመለሰ። የሚስቅ ሰው ባለበት ንግድ አለ።

«ጓድ ሊቀመንበር» አልኩ፣ «ዱቄቱ የኔ ነው። ባሩድም አይደለም፤ የባትሪ ድንጋይ ሆድ ዕቃ ነው። እሳት ላይ ያስጨምሩትና ይዩት።»

ሊቀመንበሩ በጭንቅላቱ ምልክት ሰጠ። ጥበቃው ከዱቄቱ ቆንጥሮ ፈንጠር ብሎ ቆመና ጥግ ያለው የከሰል ምድጃ ላይ ወረወረው። ምንም። ዱቄቱ ፍሙ ላይ እንደ አመድ ተኛ። መምህር ኃይሉም ቀረብ ብሎ እንደነገርኩት ተናገረ፦ እሱ እንዳዘዘ፣ ለተማሪ እንደሆነ። ሊቀመንበሩ ወንበሩ ላይ ዘና ሲል አየሁ። ከድርም አየው። አልቆ ነበር፣ እመኑኝ። አልቆ ነበር።

ያኔ ጌታነህ ከጥግ ተነሳ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ብዙ አልተማርኩም» አለ በዚያ ለስላሳ ድምፁ። «መምህሩን አከብራቸዋለሁ። ግን አንድ ነገር ይንገሩን። የማይነድ፣ የማይፈነዳ ዱቄት ለተማሪ ምኑን ያስተምራል? ደግሞ ኪሳቸው ያበጠው በምንድን ነው?»

አያችሁ? አልከሰሰም። ጠየቀ እንጂ። እንደ ዱቄቱ፣ ነገር ቆንጠር አድርጎ ጨመረና ወደ ኋላ ተመለሰ።

መምህሩ ዓይኑ በራ። እግሩን ረገጥኩት። ጥያቄ የተጠየቀ መምህር የተረገጠ እግር አይሰማውም። ጠርሙሱን አወጣ፣ ብርጭቆ ለመነ፣ ቀዳበት። «እዩ፣ ይሄ አሁን ዝም ብሎ ውሃ ይመስላል» አለ፤ ክፍል ውስጥ የገባ መሰለው። ከዱቄቱ ቆንጥሮ ጨመረ።

ብርጭቆው አበደ። ተንተከተከ፣ እንፋሎት አወጣ፣ ጥቁር አረፋ አፉን ሞልቶ ጠረጴዛው ላይ መሳብ ጀመረ። «ቦንብ!» ብሎ አንዱ በመስኮት ዘለለ። ሌላው ጠብመንጃውን አቀባብሎ ግንባሬ ላይ ደገነ፤ ለምን የኔ ግንባር እንደተመረጠ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ሊቀመንበሩ ከነወንበሩ ወደ ኋላ ተንሸራቶ ሰሌዳው ላይ ተለጠፈ።

«አይዟችሁ! አይዟችሁ!» ይላል መምህሩ እጁን እያወዛወዘ። «ኦክስጅን ነው! የምንተነፍሰው አየር! አትፍሩ፣ አሳያችኋለሁ!» አለና ከምድጃው አጠገብ ስንጥር አንስቶ ለኮሰ፣ እፍ ብሎ አጠፋው፣ ጫፉ እንደጋለ ወደ ብርጭቆው አፍ አስጠጋው። የጠፋው ስንጥር ቦግ ብሎ በራ።

በዚያች ክፍል ውስጥ እኛን ያጠፋን የማስረጃ እጦት ሳይሆን የማስረጃ ብዛት ነው።

«ሦስቱንም እሰሩ!» ጮኸ ሊቀመንበሩ።

እጄን ሲይዙኝ ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ ያለ የእጅ ባትሪ ላይ አረፈ። የራሱ የሊቀመንበሩ ነው። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድፍረት ያዘኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር! ከማሰርዎ በፊት ያን ባትሪ ይክፈቱት!»

«ምን?»

«ባትሪዎን! ድንጋዩን አውጥተው ለጥበቃው ይስጡት፤ በሳንጃው ይሰንጥቀው። እኔ አልነካውም።»

ሊቀመንበሩ እኔን አየ፣ ባትሪውን አየ። ድንጋዩን አውጥቶ ወረወረው። ጥበቃው በሳንጃው ቆርቆሮውን ቀደደው። ጥቁሩ ፍርፋሪ ከዱቄታችን አጠገብ ፈሰሰ። አንድ ዓይነት ነው፤ ዕውርም በእጁ ዳሶ ያውቀዋል።

«ከቀበሌው ሱቅ የመጣ ድንጋይ ነው» አልኩ። «ባሩድ ከሆነ ጓዶቹ ሁሉ ለጥበቃ ሲዞሩ ቦንብ ጨብጠው ነው የሚዞሩት። እርስዎ የተደገፉት ሰሌዳም በሱ ነው የተቀባ፤ የለወስኩት እኔ ነኝ። እኛን ካሰሩ ሰሌዳውንም ይሰሩት።»

ሊቀመንበሩ ዞረ። ሰሌዳውን በጣቱ ነካው፣ ጣቱን አየው። ጠቁሯል። ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቀ ነበር። እሱ ሲስቅ ጥበቃዎቹ ሳቁ፣ በመስኮት የዘለለውም አንገቱን ብቅ አድርጎ ሳቀ። ከድር በተሰነጠቀ ከንፈሩ እየሳቀ ያለቅስ ነበር።

«ፍቱት» አለ ሊቀመንበሩ ዓይኑን እየጠረገ። «ውሰድልኝ ይሄን ስልጤ። ሁለተኛ ግን ገበያ መሃል እንዳታሰጡ!»

እዚህ ላይ ብጨርስላችሁ ደስ ባለኝ። ብዙ ሰው ሳወራው እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ ሰውም ይስቃል፣ ሻይም ይጋብዘኛል። ዛሬ ግን አላቆምም።

ከድርን ከወለሉ እያነሳሁት ሳለ የላንድሮቨር ድምፅ ተሰማ። ካኪ የለበሰ፣ ፂሙ በቅጡ ያልበቀለ ልጅ ገባ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«የታለ?»

«ጓድ፣ ነገሩ ተጣርቷል» አለ ሊቀመንበሩ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ሳያልቅ በረደ። «ባሩድ አይደለም። ስህተት ነበር።»

«የማን ስህተት?»

ሊቀመንበሩ ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰውን አረፋ በእጅጌው ጠረገ።

«አንድ ሰው ይዘናል ብላችሁ ደውላችኋል» አለ ልጁ። «መኪና ተመድቧል፣ ቤንዚን ተሰጥቷል። ባዶዬን ተመልሼ ‹የቀበሌው ሊቀመንበር ተሳስቷል› ልበል? ወይስ ‹ለቀቀው› ልበል?»

ሊቀመንበሩ ክፍሉን በዓይኑ ዞረ። ያን አስተያየት አልረሳውም። ገበያ ላይ ብዙ አይቼዋለሁ፤ ሰው ካሉት በጎች የትኛውን እንደሚሰጥ ሲመርጥ እንዲህ ነው የሚያይ።

ጌታነህ ወደ ሊቀመንበሩ ጆሮ ጎንበስ አለ። በሹክሹክታ ነው የተናገረው፤ ክፍሉ ጭር ስላለ ግን ሁላችንም ሰማን።

«ዱቄቱስ ባሩድ አይደለም እንበል። እንዲህ ማፍላት የሚያውቀው ሰውዬስ?»

ሊቀመንበሩ መምህር ኃይሉን አየ። ወዲያው ዓይኑን ሰበረ።

«መምህሩ ሄደው ቢያስረዱ ይሻላል» አለ ወደ ወለሉ። «ለማስረዳት ያህል ነው።»

«ዱቄቱ የኔ ነው!» አልኩ። «ያወጣሁት፣ ያጠብኩት እኔ ነኝ። እኔን ውሰደኝ!»

ካኪ ለባሹ ከላይ እስከ ታች ገረመመኝ። «አንድ ነው የተባልኩት» አለኝ። «አንተን ሌላ ቀን።»

ወደፊት ስሄድ በሰደፍ ደረቴን መቱኝና ከድር ላይ ወደቅሁ። መምህሩ ግን እጁን አነሳ፣ ጥል እንደሚያበርድ ሰው። «ተው ጋሽ ተካ፣ ችግር የለም። እዚያ የተማረ ሰው አይጠፋም፤ አስረዳቸዋለሁ። ብቻ ለዳይሬክተሩ ንገርልኝ፣ ከሰዓት የምገባበት ክፍል አለ።» ኮቱን አስተካክሎ ወጣ። መኪናው ውስጥ በራሱ እግር ነው የገባው፤ ማንም አልገፋውም። እነሱን ማስረዳት እችላለሁ ብሎ አምኖ ነበር። ትምህርት ሰውን እንዲህ የዋህ ያደርገዋል ብዬ ስንት ዓመት ትምህርትን ጠላሁ።

አልተመለሰም። ይኸው ነው። መቃብሩን የሚያውቅ የለም፤ ለምን እንደሞተ የሚናገር ወረቀትም የለም። ሊቀመንበሩ ከዚያ በኋላ ባየኝ ቁጥር መንገድ ይቀይር ነበር፤ ቆይቶ በስኳር በሽታ ሞተ፣ ከድር ለቅሶ ደረሰ፣ እኔ አልደረስኩም። ከድር ከዚያ ወዲህ መሣቅ አልተወም፤ ግን ስቆ ሲያበቃ ከንፈሩን በእጁ ይነካል።

ጌታነህስ? ደርግ ሲወድቅ አብሮ የሚወድቅ መስሎኝ ተስፋ አድርጌ ነበር። ምን በወጣው! በአዲሱም ኮሚቴ ገባ። የሰፈር እርቅ ሲኖር እሱ ይጠራል፤ ሽማግሌ ነው፣ ነጠላው የነጣ። እንደ ዱቄቱ ነው፤ አጥልላችሁ ብታደርቁት ያው የነበረው ነው። አልጎደለም፣ አልተለወጠም። ዱቄቱ ግን ነፍስ የለውም፤ ይቅርታ ልጠይቀው ይገባል ከሱ ጋር ስላወዳደርኩት።

እኔን የለወጠኝ ምን እንደሆነ ከጠየቃችሁኝ እነግራችኋለሁ። ከዚያ በፊት ብልጥ ነበርኩ። ሰው ሲታማ ጆሮዬን እሰጣለሁ፣ አፌን እዘጋለሁ፣ የራሴን እሸጣለሁ። «ምን አገባኝ» የሚለውን ቃል ከኔ የበለጠ አሳምሮ የሚናገረው አልነበረም። ዛሬ ሱቄ በር ላይ አንድ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እከሌ እኮ...» ብሎ ሲጀምር፣ «ጮክ በል!» እለዋለሁ። «እከሌን ጥራውና ፊቱ ላይ በለው። እኔም እሰማለሁ፣ ገበያውም ይስማ።» በዚህ የተነሳ ብዙ ደንበኛ ሸሽቶኛል፤ ጠበኛ ሽማግሌ ይሉኛል። እናንተም አንባቢዎቼ፣ ያፈላውን ብርጭቆ እያያችሁ አትደንግጡ። ቆንጥሮ የጨመረውን እጅ እዩ። እኛ ያን ቀን ሁላችን ብርጭቆውን ነበር የምናየው።

አንድ ነገር ይቀረኛል። በዚያው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ የመምህሩ ቤት ሄጄ ነበር። ቦሌ፣ ከአንድ ቪላ ጀርባ፣ ሰርቪስ ቤት ተከራይተው ነበር የሚኖሩት። ሙሉ የምትባለው ባለቤቱ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት። የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። አልጮኸችም። በዚያ ጊዜ ለተወሰደ ሰው መጮህ ራሱ ወንጀል ነበር።

«ገፍተው ነው ያስገቡት ወይስ ራሱ ነው የገባው?» አለችኝ።

«ራሱ ነው የገባው።»

«ከትምህርት ቤት ማን ጠራው?»

«እኔ።»

በእጇ የያዘችውን እርጥብ ሸሚዝ እንደገና ጨመቀችው። የሱ ሸሚዝ ነበር።

«ታዲያ እኔ በማን ልቆጣ?» አለች። «በሱ እንዳልቆጣ፣ ሰው ላድን ብሎ ነው። ባንተ እንዳልቆጣ፣ ወንድምህን ልታድን ነው። በነሱ እንዳልቆጣ፣ ልጆች አሉኝ፤ ግድግዳውም ይሰማል። በማን ልቆጣ፣ ንገረኛ?»

«አንቺ ልጆችሽን አሳድጊ» አልኳት። «እኔ እቆጣልሻለሁ።»

ሸሚዙን ገመዱ ላይ ሰቀለችው። እኔም ይኸው እስከ ዛሬ እየተቆጣሁላት ነው።